ሳያልቅ አሳዪኝ

ባለፈው ወር ቢሮ ውስጥ ያደረግኩት አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ትሬሲንግ ፔፐር (ስስ የመሳያ ወረቀት) ላይ የአንድ ክሊኒክ መግቢያ እየሞካከርኩ ነበር። ገና ጅምር ነው። መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ፣ የቱ ግድግዳ የቱ እርማት እንደሆነ ከእኔ ሌላ የሚለየው የለም። ከኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ሳላስበው ሌላ ወረቀት አንስቼ ሸፈንኩት። ባልደረባዬ ዞር ብሎም አላየኝ፤ ወደ ፕሪንተሩ ነበር የሚሄደው።

ወረቀቱን መልሼ ሳነሳው ደነገጥኩ። እኔ እኮ አምስት ዓመት ሙሉ ያላለቀ ስራዬን ሰው ፊት ዘርግቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። አርክቴክቸርና ዲዛይን ኮሌጅ የገባ ሁሉ የሚማረው እንደዚያ ነው። ከተመረቅኩ 12 ዓመት ሆነኝ። መቼ ነው መደበቅ የጀመርኩት?

የኮሌጅ ነገር ሲነሳ እኛ ምሩቃን ቶሎ የሚመጣልን የእንቅልፍ ወሬ ነው። ስንት ሌሊት በተከታታይ እንዳደርን፣ በማስረከቢያው ቀን ጠዋት ፕሎተሩ፣ ትልቁ የስዕል ማተሚያ፣ እንዴት እንደቆመ፣ ማንን ከተር ጣቱን እንደቆረጠው። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ሳወራ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ወሬው ዋናውን ነገር ይጋርደዋል። ደግሞም ጥሩ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ጀግንነት መስሎን ጤናቸውን ያጡ ጓደኞች ነበሩን። አንዷ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትታን ሄደች፤ ከእኛ ሁሉ የተሻለ እጅ ነበራት። ሌሊቱን ማወደስ ካቆምኩ ቆየሁ።

ዋናው ነገር ስቱዲዮው ነበር።

ሌላ ትምህርት የሚማር ሰው ክፍል ገብቶ፣ ሰምቶ፣ ጽፎ ይወጣል። ስራውን የሚሰራው ብቻውን ነው፤ ሲጨርስ ያስረክባል። እኛ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ የራሳችን ጠረጴዛ ነበረን። የተቆራረጠው ካርቶን፣ የደረቀው ሙጫ፣ ግማሽ የተሰመረው ሴክሽን (ሕንፃውን ቆርጦ ውስጡን የሚያሳይ ስዕል)፣ ሁሉም እዚያው ያድራል። ቤትሽ ሄደሽ ስትመለሺ ሰው ሁሉ አይቶታል። ያልሆነ ሀሳብሽ፣ ያልተገጣጠመ ግድግዳሽ፣ ሦስት ጊዜ የሰረዝሽው መግቢያ። መደበቂያ የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ያስፈራል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ልጅ ወረቀቴን በክንዴ ከልዬ ነበር የምሰራው።

ከዚያ ያወጣኝ የጠረጴዛ ጎረቤቴ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነበር። ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን ብቻ አስግጎ «ሳያልቅ አሳዪኝ» ይለኝ ነበር። «ሲያልቅ ምን ልልሽ ነው? ካለቀ በኋላ ጎበዝ ከማለት ሌላ ምን ቀረ?»

አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ዓመት ነን፣ የትንሽ ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት። እኔ የደረጃውን ሞዴል በ1፡50 ስኬል እየሰራሁ ነው። 17 እርከን፣ እያንዳንዱ ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር፤ በሞዴሉ ላይ 3.6 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ካርቶኑን እየቆረጥኩ፣ በሹል መቆንጠጫ ይዤ፣ ሙጫውን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ እየነካሁ አንድ በአንድ ደረደርኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ቆንጆ ሆነ። ቀና ስል ጎረቤቴ እያየኝ ነው። ምንም አላለም። ከቁርጥራጩ መሀል አንድ ነጭ ወረቀት አነሳና ሰው ቆረጠ። ራስ፣ ትከሻ፣ ሁለት እግር። በማስመሪያ ለካው፤ 3.4 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ይዞ የኔን ደረጃ ያወጣው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በፍጹም አልቸኮለም። ስድስተኛው ላይ ሰውየው ከላይኛው ወለል ስር ለጥቂት ተረፈ። ሰባተኛው ላይ ጭንቅላቱ ኮንክሪቱን መታ።

ደረጃው የሚያልፍበትን የላይኛውን ወለል ክፍተት አሳጥሬ ከፍቼው ነበር። ፕላኑ ላይ ያምራል፣ ሴክሽኑን ደግሞ በሌላ በኩል ስለቆረጥኩት አይታይም። ያ የወረቀት ሰው ባይኖር እንደዚያው አስረክቤው ነበር። ሌሊቱን አብሮኝ አፈረሰው። የራሱ ስራ ግማሽ ላይ ነበር እኮ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሳላቆምበት አንድም ደረጃ ስዬ አላውቅም። ከጭንቅላት በላይ ሊኖር ስለሚገባው ከፍታ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ቁጥር አለ፤ የማስታውሰው ግን ቁጥሩን አይደለም፣ ሰባተኛው እርከን ላይ የቆመውን ሰው ነው።

ኮሌጅ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። መምህራኖቹ ብዙ ሰጥተውኛል፣ አልክድም። ግን የአምስት ዓመቱን ትምህርት ብመዝነው ከግማሽ በላይ የመጣው ከጎን ነው። ከጎረቤት፣ ከበላይ ባች፣ የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ከምትማር ልጅ፣ የወንበር እግር ስምንት ጊዜ ከሰበረ የፈርኒቸር ተማሪ።

ይህ አሰራር ረጅም ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ኤኮል ደ ቦዛር በሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት የሚማሩ የአርክቴክቸር ተማሪዎች አቴሊዬ በሚባሉ የስራ ክፍሎች ተከፋፍለው ነበር የሚሰሩት። ነባሮቹ አዲሶቹን ያስተምራሉ፤ አዲሶቹ ደግሞ ማስረከቢያው ሲደርስ የነባሮቹን ስዕል በቀለም በማጠናቀቅ ያግዛሉ። ዛሬ በየአገሩ የማስረከቢያ ጥድፊያን «ሻሬት» የሚሉት ከእነሱ የወረሱት ቃል ነው። ጋሪ ማለት ነው፤ ስዕሎቹ የሚጫኑበት ጋሪ። «ጁሪ» የምንለውም፣ ስራን ለገምጋሚዎች የማቅረብ ልማድ፣ ከዚያው ነው የመጣው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የእነሱ ጁሪ የሚፈርደው በር ዘግቶ ነው። ተማሪው ውጭ ሆኖ ውጤቱን ይሰማል እንጂ ለምን እንደወደቀ ወይም ለምን እንዳለፈ ቆሞ አይሰማም። ስራውን ከነባለቤቱ ሰው ፊት ማቆም በኋላ የመጣ ነገር ነው።

እና ስለ ጁሪ ሳላወራ ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ሞዴሌን አቅርቤ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳላወራ፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ጣሪያውን በጣቶቹ ያዘና ነቀለው። በሙጫ የተጣበቀ ነበርና ከግድግዳው ጋር ተላቆ ወጣ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ቀጭን፣ ደረቅ። «አሁን ውስጡን እንየው» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር ትክክል ነበር፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ በደንብ አላሰብኩበትም። ግን አልሰማሁትም። ዓይኔ የተነቀለው ግድግዳ ላይ ነበር። የተናገረውን ነገር የተረዳሁት ከሁለት ወር በኋላ፣ ሞዴሉን ልጥለው ስል ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር «ያጠነክራል» ይላል። እኔ አልስማማም። ያላለቀ ስራን ማሳየት እምነት ይጠይቃል። አንዴ ጣሪያው የተነቀለበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጣው እውነተኛ ጥያቄውን አይደለም፤ የማይነቀለውን ነገር ነው የሚያመጣው። በደንብ የተጣበቀ፣ በደንብ ፕሪንት የተደረገ፣ ምንም ጥያቄ የሌለበት። መደበቅ እዚያ ይጀምራል መሰለኝ። የእኔም እዚያ ሳይጀምር አልቀረም።

የትምህርት ቤቶቹን ሕንፃዎች ስታይ አንዳንዶቹ አርክቴክቶች ይህን ነገር ገብቷቸው እንደነበር ታውቂያለሽ። ሚስ ቫን ደር ሮህ ቺካጎ ውስጥ የሰራው ክራውን ሆል በ1956 ሲከፈት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ የላይኛው ወለል 67 በ37 ሜትር ገደማ የሆነ፣ መሀሉ ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው ክፍል ነበር። ጣሪያውን ከላይ ሆነው የያዙት አራት ትልልቅ የብረት ተሸካሚዎች ናቸው። ለምን እንዲህ ደከመ? ውስጡን የሚከፋፍል ነገር እንዳይኖር ነው። ሁሉም በአንድ ጣሪያ ስር ሲሰራ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ የመመረቂያ ፕሮጀክት እየተሰራ ያያል። ሌላው ሃርቫርድ ያለው ጋንድ ሆል ነው፣ በ1972 የተከፈተው። ስቱዲዮዎቹ እንደ ስታዲየም መቀመጫ ደረጃ በደረጃ ከአንድ ሰፊ ዘንበል ያለ ጣሪያ ስር ተደርድረዋል፤ ከላይ የተቀመጠ ሰው ወደታች ሲያይ የሁሉንም ጠረጴዛ ያያል። የሰራው አውስትራሊያዊው ጆን አንድሩስ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፣ የ1958 ምሩቅ። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ደስታ! የቀድሞ ተማሪ ተመልሶ ለትምህርት ቤቱ ያበረከተው ነገር ያላለቀ ስራ የሚታይበት ክፍል ሆነ።

የጀርመኑ የዲዛይን ትምህርት ቤት ባውሃውስም ስሙ የሚነሳው በወንበሮቹና በፊደሎቹ ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚስበኝ በተማሪና በመምህር መሀል የነበረው ቅርበት ነው። በ1919 ቫይማር ላይ ተከፍቶ በ1933 በርሊን ላይ ተዘጋ። 14 ዓመት ብቻ! ማርሴል ብሮየር ተማሪ ሆኖ ገብቶ የአናጢነት ወርክሾፑ ኃላፊ ሆነ። ጉንታ ሽቶልስል ተማሪ ሆና ገብታ የሽመናውን ወርክሾፕ መራች። ዮሴፍ አልበርስም እንደዚሁ። ከ1926 ጀምሮ ደሳው ያለው ሕንፃቸው ውስጥ ተማሪዎች የሚያድሩበት ክፍል ነበር፣ 28 ክፍሎች፣ አንዳንዶቹ ትንንሽ በረንዳ ያላቸው፤ መኝታውና ስራው አንድ ላይ። ትናንት ከተማሪው ጎን የተቀመጠው ልጅ ዛሬ ሲያስተምረው፣ ያ መምህር ያላለቀ ነገር ምን እንደሚመስል ገና አልረሳም።

ከዚያ ምረቃ ይመጣል።

ስለ ምረቃ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ጋዋን፣ ፎቶ፣ ቤተሰብ። ከባዱ ቀን እሱ አይደለም፤ ጠረጴዛ የሚለቀቅበት ቀን ነው። አምስት ዓመት የተሰራ ሞዴል የት ይገባል? አብዛኛው ተጣለ። እኔ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ብቻ ነቅዬ ወሰድኩ።

ባቻችን ተበተነ። ግማሹ ብቻ ነው ዛሬ ሕንፃ የሚሰራው። አንዱ ተቋራጭ ሆነ፣ አንዷ የመድረክ ዲዛይን ትሰራለች፣ አንዱ ለኮምፒውተር ጌም ከተሞች ይሰራል፣ ሁለት ልጆች ፈርኒቸር ወርክሾፕ ከፈቱ፣ አንዷ ቅርስ ጥገና ላይ ናት። የጠረጴዛ ጎረቤቴ የሆስፒታል ዲዛይን ላይ ገባ፣ ሩቅ አገር ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ የቢሮ ዓመታት ለሁሉም ከባድ ነበሩ። ትምህርት ቤት አንድ ሙሉ ሙዚየም የሰራ ልጅ ቢሮ ገብቶ ለስድስት ወር የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይደረድራል፣ የበርና መስኮት ሠንጠረዥ ይሞላል። ይህ አያሳፍርም፣ ስራው ነው፤ እኔ እንዲያውም በር እንዴት እንደሚከፈት ያወቅኩት ያኔ ነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል። «እስቲ እንየው» የሚል ጠፋ።

የቀድሞ ተማሪዎች ስንሰባሰብም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለቀ ሕንፃ ይመጣል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሰው የለበትም፣ መብራቱ ሁሉ በርቷል። እናጨበጭባለን። በጣም ቆንጆ ናቸው፣ እኮራባቸዋለሁም። ግን ከዚያ ስብሰባ ተምሬ የወጣሁት ነገር ብዙ አይደለም። ባለቤቱ የቱ ጋ እንደተጨነቀ፣ ስንት ጊዜ እንዳፈረሰው፣ ሳይት ላይ ምን እንደተሳሳተ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። የአንድ ስቱዲዮ ልጆች እርስ በርሳችን እንግዳ ሆነን እንመለሳለን።

የተማሪነት ስራ «ልምምድ ብቻ» ነው የሚሉ ሰዎችም ያናድዱኛል። በ1981 ዋሽንግተን ላይ ለሚሰራው የቬትናም ጦርነት ሙታን መታሰቢያ ውድድር 1,421 ስራዎች ቀረቡ። ስም አልነበረባቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ያሸነፈችው ማያ ሊን የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፣ 21 ዓመቷ። ሀሳቡን የሰራችው ለክፍል ነው። ፍራንሲስ ኬሬም በርሊን ገና እየተማረ ነው በቡርኪና ፋሶ ለተወለደባት ጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት የሰራው። ገንዘቡን ራሱ አሰባስቦ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር፣ ከሸክላ አፈር። በ2001 አለቀ። እሱ የተመረቀው በ2004 ነው። በ2022 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ፕሪትዝከርን ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። እኔ ግን የማስበው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። የመጀመሪያውን ስዕል ጠረጴዛው ላይ የዘረጋበትን ቀን። አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ አይቶት ይሆን?

ባለፈው ዓመት ኮሌጁ ለጁሪ ጠራኝ። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ ኮሪደር ሄድኩበት፤ የሙጫው ሽታ አልተለወጠም። አምስተኛ የቀረበው ልጅ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአረጋውያን ማዕከል ነው የሰራው። ያወራው ስለ ፊት ለፊቱ ነው፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ጥላው። እኔ ግን ኮሪደሩን ማየት ፈለግኩ። በጣም ረዝሞብኛል፤ አንድ በእርጅና የደከመ ሰው ያንን ሁሉ ሳያርፍ እንዴት ይሄደዋል? ሞዴሉ ጣሪያ አለው። እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ።

«ብናነሳው ይከፈታል?» አልኩት።

«ይከፈታል፤ እኔ ላንሳልዎት» አለ። በሁለት እጁ አነሳው፣ ቀስ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠው። ጣሪያው ያለ ሙጫ ነበር የተቀመጠው። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ፣ ስኬሉን ጠየቅኩት፣ 1፡100 አለኝ። 1.6 ሳንቲ ሜትር የሆነች አሮጊት ቆረጥኩ። ትንሽ ጎበጥ አድርጌ። ሰጠሁትና «መኝታ ክፍላቸው የቱ ነው? ከዚያ ተነስተው ምግብ ቤት ይሂዱ» አልኩት። ልጁ በጣቱ ይዞ መራመድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ማንም ምንም አላለም።

«የሚቀመጡበት የለም» አለ ራሱ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ኮሪደሩ መሀል ላይ መስኮት ያለው መቀመጫ ቢሆንስ፣ ግድግዳው እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ቢገባስ እያለ እዚያው እርሳስ አውጥቶ መሳል ጀመረ። ሌሎቹ ገምጋሚዎችም ተነስተው ጠረጴዛውን ከበቡት። ሰዓቱ አለቀ ተብሎ እስኪነገረን ድረስ እዚያው ነበርን።

ምሩቃን ለትምህርት ቤታችን ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ገንዘብ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ይባላል። ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን የምለምነው ጊዜን ነው። ጁሪ ቀን ሳይሆን ሴሚስተሩ መሀል ላይ፣ ምንም ባልተጣበቀበት ሳምንት ሂዱ። ከተማሪው አጠገብ ወንበር ስባችሁ ቁጭ በሉ። ስትሄዱ ደግሞ የራሳችሁን ያላለቀ ስዕል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩዋቸው። እኔ ባለፈው ሴሚስተር የክሊኒኩን መግቢያ ይዤ ብሄድ ኖሮ ቢሮ ውስጥ አልሸፍነውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ የቢሮ ቀን ማግስት ለጠረጴዛ ጎረቤቴ ጻፍኩለት። ከተጻጻፍን ዓመት አልፎናል። ስለ ጤንነቱ ጠየቅኩት፣ ስለ ልጆቹ፣ ከዚያ የሸፈንኩትን ስዕል ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ማብራሪያ አልጨመርኩም። በሰዓት ልዩነት ምክንያት መልሱ የመጣው ሌሊት ነው፤ ጠዋት ስነሳ አየሁት። የራሱን ስራ ፎቶ ልኮልኛል፣ የአንድ የድንገተኛ ክፍል ፕላን፣ በቀይ የተሰራረዘ፣ ሦስት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት። ስለ እኔ ስዕል የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

«ወንበር ላይ ያለ ታካሚ ሲገባ በሩን ማን ይከፍትለታል? ሰውየውን አስገቢውና ንገሪኝ።»

ቢሮ ቀድሜ ደረስኩ። ስዕሉን መሀል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣ መቀስ አነሳሁና ተሽከርካሪ ወንበር መቁረጥ ጀመርኩ። ባልደረባዬ ገብቶ አጠገቤ ሲቆም ክብ ጎማው ላይ ደርሼ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

ወንበሬን ፈቀቅ አድርጌ ቦታ ሰጠሁት።